በር ላይ የቆሙት ሰዎች ስም ይጻፍልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ጅማ ሄርማታ ነው የምኖረው፣ ጋዜጣችሁ እዚህ ዘግየት ብሎ ነው የሚደርሰን፣ ግን መርካቶ ያለች ባለ ሱቅ እህታችን ሁሌም አንድ ታስቀምጥልኛለች። ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ዘንድሮ ገና ሲደርስ ግን "አምስት ዓመት ሞላው እኮ" ብዬ አሰብኩና አላስችል አለኝ።

ታህሳስ 28 ቀን 2013 ነው የምላችሁ፣ የገና ዋዜማ። እናቴና እህቴ ነጠላቸውን ተከናንበው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፣ አባዬ ጉልበቱ ሌሊቱን ሙሉ ስለማያስቆመው ቀርቷል፣ እኔም እሱን ብቻውን አልተውም ብዬ አብሬው ቀረሁ። ዶሮው ተሰርቶ ተከድኗል፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፣ ጾሙ ሳይፈታ ማንም አይነካውም። ቲቪ ከፍተን ተቀምጠን ከምሽቱ 4 ሰዓት አለፍ ሲል ዋሽንግተን መጣ፣ እዛ ከቀኑ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። ካፒቶል የሚባለው የኮንግረሱ ሕንፃ ነጩ ጉልላት ይታያል፣ ደረጃው በሰው ተጥለቅልቋል፣ ባንዲራ የያዘ አለ፣ ግድግዳ የሚወጣ አለ፣ መስኮት የሚሰብር አለ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አባዬ ግን ዝም ብሎ ቆይቶ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነበር፣ "በሩ ላይ ስንት ሰው ነው ያለው?"

ይሄን ጥያቄ ሌላ ሰው አይጠይቅም። አባዬ ከ1968 እስከ 1995 ጅማ ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ 27 ዓመት የቆመ ሰው ነው። ያኔ ዘበኛ ነበር የሚባለው፣ አሁን ጥበቃ ነው የሚሉት፣ እኛም ሰፈር ውስጥ የዘበኛው ልጆች ነበርን። ቲቪው ላይ ያቺን ብስክሌት ማቆሚያ የመሰለች የብረት አጥር ይዘው የሚገፈተሩትን ፖሊሶች ሲያይ "ይሄ እኮ አጥር አይደለም፣ ሰዎቹ ናቸው አጥሩ" አለኝ። እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም።

ጉዳዩን የማያስታውስ ካለ ባጭሩ፣ የዛን ቀን ኮንግረሱ ተሰብስቦ የነበረው ከየግዛቱ የመጣውን የፕሬዝዳንት ምርጫ ድምፅ ቆጥሮ ለማጽደቅ ነው፣ ባይደን 306 ትራምፕ 232። ትራምፕ ምርጫው ተሰርቆብኛል እያሉ ነበር፣ እሳቸውና ደጋፊዎቻቸው ከ60 በላይ ክስ መሥርተው ፍርድ ቤቶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ጥለውታል፣ የዛን ቀንም ከንግግራቸው በኋላ ሰዉ ወደ ካፒቶል ነጎደና በሩን ሰብሮ ገባ። ያንን ሕንፃ ከዛ በፊት በኃይል የገባበት የእንግሊዝ ጦር ነበር፣ በፈረንጆቹ 1814 አቃጥሎታል። አሁን የገቡት ግን የገዛ ዜጎቹ ናቸው።

ፖለቲካውን ለሚያውቁት ልተወው። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ጠባቂዎቹ ነው።

ከቀናት በኋላ የወንድሜ ልጅ አንድ ቪዲዮ በስልኩ አሳየን። ዩጂን ጉድማን የሚባል ፖሊስ ነው፣ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ኢራቅ የዘመተ ወታደር የነበረ፣ ብቻውን ነው፣ በእጁ አንድ ዱላ ብቻ፣ ከፊቱ በደርዘን የሚቆጠር ሰው እየጮኸ ደረጃውን ይከተለዋል። እየሸሸ ወጣ፣ ደረጃው ጫፍ ላይ ሲደርስ በግራው የሴኔቱ አዳራሽ መግቢያ አለ፣ ሴናተሮቹ ገና ውስጥ ናቸው። አንድ ጊዜ ወደዛ ዞር ብሎ አየ፣ ከዛ የፊተኛውን ሰውዬ ገፋ አድርጎ ወደ ሌላኛው ጎን አፈገፈገ፣ ሰዎቹም እሱን ተከትለው ከአዳራሹ ራቁ። አባዬ መነጽሩን አድርጎ አስር ጊዜ ሳያየው አይቀርም። "አየኸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው በሯን ያያት" አለኝ፣ "በር የሚጠብቅ ሰው ዓይኑ ዕቃው ያለበት ጋ መመላለስ የለበትም፣ ሌባ የሚያየው ያንተን ዓይን ነው"። እኔ ያን ቪዲዮ ሳይ የሸሸ ሰው ነበር ያየሁት፣ አባዬ ነው ወደ ኋላ እየሄደም መጠበቅ እንዳለ ያሳየኝ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ጥር 12፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት መሆኑ ነው፣ አዲሱ ፕሬዝዳንት ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ያው ጉድማን ምክትል ፕሬዝዳንቷን ካማላ ሃሪስን አጅቦ ሲወጣ አየነው። አባዬ ከተቀመጠበት ተነስቶ ቆመ። ለማን እንደቆመ አልጠየቅኩትም፣ ገብቶኛል።

ሌሎቹም አሉ። ዳንኤል ሆጅስ የሚባለው ፖሊስ በሩ ውስጥ ተጣብቆ ሲጨፈለቅ ከአፉ ደም እየወጣ ሲጮህ ዓለም በሙሉ አይቶታል። አኪሊኖ ጎኔል የሚባለው ደግሞ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በልጅነቱ የመጣ ስደተኛ ነው፣ እሱም ኢራቅ ዘምቷል፣ ኋላ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ሲመሰክር ኢራቅ በነበረበት ጊዜ ሁሉ የዛን ቀን ያህል ፈርቶ እንደማያውቅ ተናገረ፣ በደረሰበት ጉዳት ሥራውን ለመልቀቅ ተገደደ። ብራያን ሲክኒክ የሚባለው የ42 ዓመት ሰው ፊቱ ላይ ኬሚካል ተረጭቶበት ነበር፣ በማግስቱ በስትሮክ ሞተ። ሐኪሙ አሟሟቱ ተፈጥሯዊ ነው ቢልም የዛን ቀን የሆነው ሁሉ ለሁኔታው አስተዋጽኦ እንዳለው ጨምሮ ተናግሯል። አስከሬኑ ለክብር እዛው ካፒቶል ጉልላት ስር አርፎ ተሸኘ። በጠቅላላው 140 የሚሆኑ ፖሊሶች ተጎድተዋል፣ ከዛ በኋላ በነበሩት ወራት ደግሞ እዛ ከነበሩት ፖሊሶች አራቱ የራሳቸውን ሕይወት አጥፍተዋል። ይሄንን ስሰማ ነው ይበልጥ ልቤ የተነካው፣ ምክንያቱም ሰው በር ላይ ቆሞ ያየውን ነገር ይዞት ነው ቤቱ የሚገባው፣ እኛ ቤትም እንደዛ ነበር።

አሁን ወደኛው ልምጣ።

ግንቦት 1983 መንግሥቱ አገር ጥለው ሄዱ፣ ደርግ ፈረሰ፣ ጅማም ያ ሰሞን የማንም ያልሆነችበት ሰሞን ነበር። ወታደሩ እየተበተነ ነው፣ አለቆች ቤታቸው ተደብቀዋል ወይ ጠፍተዋል፣ ሰው ጋሪ ይዞ እየመጣ ከየመሥሪያ ቤቱ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የጽሕፈት መኪና፣ በርና መስኮት ሳይቀር እየነቀለ ይወስዳል። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባዬ ያቺን አሮጌ ጠመንጃውን ወታደሮች ቀምተውታል፣ የቀረችው ዱላና የእጅ ባትሪ ናት። አብሮት ተረኛ የነበረ አንድ ጓደኛው አለ፣ እኛ ጋሼ ነው የምንለው፣ ሁለቱ ተነጋገሩና አንዱ የግቢው በር ላይ አንዱ መዝገብ ቤቱ ላይ ቆሙ። ማንም አላዘዛቸውም፣ ደሞዝ የሚከፍላቸውም አልነበረም።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ሰዉ መጣ። ጋሼ በሩን በሁለት እጁ ይዞ ለመነ፣ ተገፈተረ፣ አንዱ በብረት ትከሻውን መታው፣ በሩ ተከፈተ። ወንበሩን ወሰዱ፣ ጠረጴዛውን ወሰዱ፣ አባዬ ዝም አለ። መዝገብ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ግን ባትሪውን አበራና ፊታቸውን አንድ በአንድ እያየ በስማቸው ይጠራቸው ጀመር፣ ጅማ ያኔ ትንሽ ናት፣ ሁሉንም ያውቃቸዋል። "አንተ የእገሌ ልጅ አይደለህም እንዴ፣ የአባትህ የቤት ፋይል እዚህ ውስጥ ነው፣ አንተም፣ ያንተም እናት ፊርማ እዚህ አለ፣ ዛሬ ይሄ ወረቀት ከጠፋ ነገ ቤቴ ነው ብለህ ምን ልታሳይ ነው?" እያለ። አንዱ ዓይኑን ሰበረ፣ ሌላው ወደ ኋላ አለ፣ ቀስ በቀስ ወጡ። እኔ ይሄን የሰማሁት ከአባዬ አይደለም፣ እሱ አያወራም፣ ያኔ ከዛ ሕዝብ ጋር የገባ አሁን ትልቅ ሰው የሆነ ጎረቤታችን ነው አንድ ቀን ቡና ላይ እያለቀሰ የነገረኝ።

ቁልፎቹን ግን እኔም አስታውሳለሁ። በጠፍር የታሰሩ ሰባት ቁልፎች፣ አንዱ ትልቅ ነው እንደኔ የዛን ጊዜ መዳፍ። አባዬ አምጥቶ ለእናቴ ሰጣት፣ እሷ በጨርቅ ጠቅልላ የዱቄት እንስራ ውስጥ ቀበረችው፣ አስራ አንድ ቀን እዛ ቆየ፣ እኛ ልጆቹ ዱቄት እንዳንነካ ተከለከልን። አዲሶቹ ኃላፊዎች ሲመጡ አባዬ ዱቄቱን አራግፎ ቁልፉን ወሰደላቸው፣ ጠፍሩ ውስጥ የገባው ዱቄት ግን አልለቀቀም፣ ነጭ ሆኖ ነው የሄደው።

ኃላፊዎቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ ንብረት ቆጠሩ። ይሄን ያህል ወንበር ጎድሏል፣ የጽሕፈት መኪናዎቹ የት ሄዱ ብለው አባዬን ሦስት ቀን ሲያመላልሱት ከረሙ። መዝገብ ቤቱ እንዳለ መቆየቱን አንድ ሰው አላነሳም፣ ያው ያልጠፋ ነገር አይታይማ። ጋሼ ያ ትከሻው እስኪሞት ድረስ እጁን ከፍ አድርጎ ጋቢ እንኳን መልበስ አልቻለም ነበር፣ ሚስቱ ነበረች የምታለብሰው፣ አንዲት የምስጋና ወረቀት እንኳን ሳይደርሰው ከአስራ ምናምን ዓመት በፊት ሞተ። ጎኔል ስለ ትከሻው ሲናገር ሰምቼ ያሰብኩት ጋሼን ነው፣ አንዱ ዋሽንግተን አንዱ ጅማ፣ ትከሻ ግን ትከሻ ነው።

ካፒቶል ውስጥ የዛን ቀን በጣም የደነቀኝ ሌላ ነገር ደሞ አለ። የየግዛቱ የምርጫ ወረቀት የተቀመጠባቸው የእንጨት ሳጥኖች ነበሩ፣ ሰዉ ሰብሮ ሲገባ የሴኔቱ ሠራተኞች ሳጥኖቹን ተሸክመው ይዘዋቸው ወጡ፣ ባይወጡ ኖሮ ማን ያውቃል ይቀደዱ ይቃጠሉ ነበር። ማታ ሕንፃው ሲጸዳ እንደራሴዎቹ ተመልሰው ቆጠራውን ቀጠሉ፣ በነሱ ሌሊት 9፡40 አካባቢ ጨርሰው አጸደቁ፣ እኛ ጋ ረፋድ 5፡40 ነው፣ ጾም ተፈቶ ዶሮው ተበልቶ ቡናው ላይ ነበርን። አባዬ ስለ ሳጥኖቹ በዜና ሲሰማ ዝም ብሎ እናቴን አያት፣ እናቴም ሳቀች፣ ዱቄቱ ትዝ ብሏት ነው።

በርግጥ ጠባቂ ሁሉ ታማኝ ሆኖ አያውቅም፣ የኛው ታሪክ ይመሰክራል። ታህሳስ 1953 ንጉሡ ብራዚል በሄዱበት ሚኒስትሮቹንና መኳንንቱን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያገቷቸው ሌላ ጠላት ሳይሆን ክቡር ዘበኛ ነው፣ እንዲጠብቅ የታመነው ጦር፣ መጨረሻውም እነ ራስ አበበ አረጋይ የተገደሉበት ሆነ። ሰኔ 15 ቀን 2011 የሆነውንም ሁላችንም የምናስታውሰው ነው፣ ባሕር ዳር የክልሉ መሪዎች ስብሰባ ላይ እንዳሉ፣ አዲስ አበባ ኤታማዦር ሹሙ በራሳቸው ጠባቂ። እኔ ይሄን የማነሳው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም፣ ስሙን እንኳን የማናውቀው ጠባቂ ሲከዳ አገር ምን እንደሚሆን ካየን፣ ሲታመንም ምን እንደተረፈልን ማየት አለብን ለማለት ነው።

አሜሪካኖቹስ አከበሯቸው ወይ ብትሉ፣ አዎም አይደለምም። ኮንግረሱ ትልቁን የወርቅ ሜዳልያውን ሰጣቸው፣ ህዳር 27 ቀን 2015 እዛው ጉልላቱ ስር ሥነ ሥርዓት ተደረገ፣ አንዱ ሜዳልያ ለካፒቶል ፖሊስ አንዱ ለከተማው ፖሊስ። የሲክኒክ ቤተሰቦች ግን መድረክ ላይ ከነበሩት መሪዎች የአንዳንዶቹን እጅ አንጨብጥም ብለው አልፈዋል፣ ያ እጅ ያልተጨበጠበት ቪዲዮ ከሜዳልያው በላይ ነግሮኛል። ደሞ በ2022 በነሱ አቆጣጠር ሕግ ወጥቶ የተከላከሉት ሰዎች ስም የሚከበርበት የነሐስ ሰሌዳ በአንድ ዓመት ውስጥ ካፒቶል ላይ ይሰቀል ተብሎ ነበር፣ አንድ ዓመቱ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፣ በ2025 ሆጅስና ሃሪ ደን የሚባሉት ሁለት ፖሊሶች ሰሌዳው ይሰቀልልን ብለው ክስ እስከመመሥረት ደረሱ። ሰው ስሙ እንዲጻፍለት ፍርድ ቤት ሲሄድ አስቡት። ጥር 12 ቀን 2017 ደሞ ትራምፕ ተመልሰው በገቡበት ቀን በጉዳዩ ተከሰው ለነበሩ 1,500 ለሚሆኑ ሰዎች ምሕረት ሰጡ፣ ፖሊስ በመደብደብ የተፈረደባቸውም አሉበት። መንግሥት ምሕረት የማድረግ ሥልጣን አለው፣ እሺ፣ ግን የተመታው ሰው ሳይጠየቅ የመታው ሲፈታ የተመታው በር ላይ ምን ብሎ ይቆማል? ይሄ ጥያቄ ውስጤን ይበላኛል።

ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያላየ የጅማ ልጅ የለም፣ እንግዳ ሲመጣም የምንወስደው እዛ ነው። ያ የእንጨት ሥራ፣ ያ ሰገነት፣ ከዛ ላይ ሆኖ ከተማው በሙሉ ሲታይ ደስ ይላል። የንጉሡን ስም እናውቃለን፣ የዘመናቸውን ታሪክ እንናገራለን። ሌሊት ሌሊት በዛ ብርድ ከታች በር ላይ ቆመው ያደሩት ግን ስማቸው የትም አልተጻፈም፣ አሁን እነሱን ለመጻፍ ጊዜው አልፏል። የአባዬና የጋሼ ጊዜ ግን አላለፈም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ጋዜጣችሁ ላይ በወር አንዴ እንኳን ትንሽ ቦታ ክፈቱልን፣ ፎቶ ባይኖርም ግድ የለም፣ በየከተማው በ83ም ይሁን ከዛ ወዲህ ችግር በመጣ ጊዜ የሕዝብን መዝገብ፣ የሕዝብን ጽሕፈት ቤት፣ የምርጫ ኮሮጆም ይሁን የፍርድ ቤት ፋይል በር ላይ ቆመው ያዳኑ ሰዎች ስም ይውጣ፣ ቤተሰብ ይጻፍ፣ ጎረቤት ይመስክር። የጅማም የሌላውም ከተማ መሥሪያ ቤቶች የኃላፊዎችን ፎቶ በተርታ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቅሉት ሁሉ መግቢያው ላይ የጥበቃዎቹን ስም ከነአገልግሎት ዘመናቸው ይስቀሉ፣ ይሄ እኮ ብዙ ብር አይጠይቅም፣ አንድ ጣውላና ቀለም ነው። አሁን በር ላይ ያሉትንም ጠዋት ስንገባ ፍተሻው ላይ እየተነጫነጭን ከምናልፋቸው ስማቸውን እንጠይቃቸው፣ እኔ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እጠይቃለሁ፣ ሲጠየቁ ፊታቸው ላይ የሚሆነውን እናንተም ታያላችሁ።

ባለፈው ሳምንት አባዬን ስለዚህ ደብዳቤ ነገርኩት። የኔን ተወውና የሱን አስቀድም አለኝ፣ ጋሼን ማለቱ ነው። አሁን ዓይኑ ስለደከመ የማነብለት እኔ ነኝ። ካተማችሁት እባካችሁ ሁለት ኮፒ ወደ ጅማ ላኩልኝ፣ ካስፈለገም ሂሳቡን እከፍላለሁ፣ አንዱን ለአባዬ ነው፣ አንዱን ደሞ መንደራ ቆጪ ለጋሼ ልጆች በእጄ ነው የምወስድላቸው፣ እናታቸው አሁንም በሕይወት አለች።

አንባቢያችሁ
ከጅማ፣ ሄርማታ